ከጎማው ኋላ የነበረው ድንጋይ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አስተማሪ ደብተሩ ላይ ዳገትና የጭነት መኪና ይሥላል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ የበርበሬ ነጋዴ አዘንብለው ያያሉ።

«አስተማሪ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የፊዚክስ ፈተና ነው፣ አባባ። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግርጌ የቆመ ጋሪ ይገጫል። ተማሪዎቹ የግጭቱን ኃይል ያሰላሉ።»

«ጋሪው ላይ ሰው አለ?»

«ጥያቄው ውስጥ ሰው የለም።»

«አምና ቡኢ ላይ ነበረ።»

«እኔም ያንን ሰምቼ ነው ያወጣሁት። ፍሬኑ ለቆ ነው አሉ።»

«ከኋላ ጎማው ጀርባ ድንጋይ ቢኖርስ? የሰው ጭንቅላት የሚያህል?»

አስተማሪው ቀስት ሣለ፣ ቁጥር ጻፈ።

«ያቆመው ነበር፣ አባባ! ምነው ታኮ ሳያደርጉለት?»

«አድርገውለት ነበር።»

«ታዲያ?»

«ድንጋዩ ከጎማው ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። ሌላ መኪና ጥሎት የሄደ መሰለኝ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ሰደቃ ነው፤ ቢስሚላህ ብዬ አነሳሁት።»

«እርስዎ?»

«ሾፌሩ ተፈረደበት፣ እኔ ዝም አልኩ። ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ ቢኖርም አይይዘውም እያልኩ ስጽናና ከረምኩ። እስቲ እንደገና ያስሉት።»

እርሳሱ ከአስተማሪው እጅ ወደቀ።

ቡኢ ዳገቱ ላይ ከአውቶቡሱ ስወርድ አንድ ድንጋይ አደናቀፈኝ፤ ሳልነካው ዞሬው አለፍኩ።