ስሜት ለሚለው ቃል ፍቺ የጻፉት እኅታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው ውድ እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና አፋቸውን ሳይፈቱ የሰው አፍ አፍ ያዩ ነበር ይባላል፤ ከፈቱ በኋላ ደግሞ «ይሄ ለምን እንዲህ ተባለ?» እያሉ ቤተሰቡን መድረሻ አሳጡት።

የቋንቋ ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በአንድ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ሲቀጠሩ፣ ሥራቸው ቃላትን መፍታት ነውና ባልደረቦቻቸው «እትዬ ፍቺ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ሬዲዮ ጠጋኙን ባለቤታቸውን ባገቡ ዕለት እነዚሁ ባልደረቦች «ፍቺ! ፍቺ!» እያሉ ሲያጨበጭቡ፣ አማታቸው ክው ብለው «ምነው፣ ገና ከመጋባታቸው?» ማለታቸው እስከ ዛሬ ሲያስቀን ኖሯል።

በሥራቸው እጅግ ያስጨነቃቸው «ስሜት» የሚለው ቃል ነበር። ቃሉ «ሰማ» ከሚለው ግስ መውጣቱን ገልጸው፣ ፍቅርንም ቁጣንም ሰው በሁለንተናው እንደሚሰማቸው ሲጽፉ፣ አለቃቸው «ጆሮና ልብን ምን አገናኛቸው?» ብለው መለሱባቸው። እኅታችንም «ታዲያ ረሃብ የሚሰማዎት በጆሮዎ ነው?» ብለው ቢያስቋቸውም፣ ፍቺው ሳይጸድቅ ቆየ።

ወንድና ሴት ልጅ ካፈሩ በኋላ ባለቤታቸው በማጅራት ገትር ታመው መስማት ተሳናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ሂጂ፣ ዕድሜሽን ከእኔ ጋር አታቃጥዪ» ባሏቸው ጊዜ እኅታችን አልተከራከሩም፤ የባለቤታቸውን መዳፍ አንሥተው በገዛ ደረታቸው ላይ አኖሩና የባለቤታቸውን ስም ደጋግመው ጠሩ። ባለቤታቸውም «ተሰማኝ» አሉ፤ ቆየት ብለውም «እስቲ ድገሚው።»

በማግስቱ እኅታችን ከፍቺው ሥር «እጄ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ስሜ ተሰማኝ» የሚል ምሳሌ ጨመሩ። አለቃቸው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ፈረሙ። ባለቤታቸውም ውለው አድረው ሱቁን ለሰዓት ጥገና ከፈቱት።

እኅታችን በኩላሊት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ ነርሷን «ማስታገሻ ከትዕግሥት ነው የወጣው፤ የእኔ ግን አልቋል» እያሉ ያስቁ ነበር። በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ባለቤታቸው ከፊት ወንበር ሆነው ከንፈራችንን እየተከተሉ ነውና፣ ፊታችንን ወደ እርሳቸው መልሰን፣ ቀስ ብለን እንጨርሳለን፦ ጋሼ፣ እኛ አለንልዎ። የእኅታችንን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለእርስዎም መጽናናትን ይስጥዎ።