ቁጥሬን ቀየሩብኝ

ከኮኪት ወደ መተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት በንዴት ያወሩ ነበር።

«ቴሌዎች የሱቁን ስልክና ኢንተርኔቱን አንድ ላይ ካደረጉት ይረክስልዎታል አሉኝ። እሺ አልኩ።»

«ታዲያ አልረከሰም፣ አባባ?»

«ረክሷል! ቁጥሬን ግን ቀየሩብኝ!»

«አዲሱን መናገር ነዋ።»

«ለማን? ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱት ልጆች ሁሉ ለእናቶቻቸው የሚሰጡት የሱቄን ቁጥር ነው። እርሻው ላይ ኔትወርክ የለ! እናት ትደውላለች፤ እኔ መልእክቱን በትራክተር ሹፌር እልክላቸዋለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን!»

«ቢሮ ሄደው አልነገሯቸውም?»

«ነገርኩ እንጂ! የቢሮዋ ልጅ ‹ቅናሹን ወደው ፈርመዋል› አለችኝ። እናቱ የታመመችበት ልጅ በምን ይስማ? ድራሹ ይጥፋ ቅናሹ!»

«በድሮው ቁጥር ሲደወልስ?»

«ይጠራል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማን ያንሳው!»

ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ እኔም ለአጨዳ ስወርድ እናቴ ጎጃም ባለው ቤታችን በር ላይ በከሰል ያስጻፈችውን ያንን የሱቅ ቁጥር አንድ በአንድ በልቤ ደገምኩት።