ሥራ ለማስተው ወለንጪቲ የመጣው ማኅበር

የገበያ ቀን ነው። እኔ እንደ ልማዴ የማልገዛውን በግ ዋጋ ስከራከር፣ ሥራ ሱስ የሆነባቸው ሰዎች ማኅበር ከአዳማ መጥቶ ወለንጪቲ ገበያ መሀል ድምፅ ማጉያ ተከለ። መሪያቸው «ወገኖቼ፣ እኔ ሥራ ማቆም አቅቶኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደኔ የቸገረው ካለ ይምጣ፣ ተደጋግፈን እንተዋለን» አለ። ገበያተኛው ወደ ግብይቱ ተመለሰ። ጤፋቸው ደርሶ ሰማዩ የጠቆረባቸው ገበሬው ኦቦ ቶላ ግን ዓይናቸው በራ።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ? በል ለደቦ ተነሣ!»

«አባባ፣ አይፈታተኑኝ፤ ስንት ታግዬ ነው የተውኩት።»

«ማን ሥራ ነው አለህ?» አሉና አሁን የገዙትን ማጭድ ዘረጉለት። «ያዝ አድርገህ ብቻ እየው።»

ያዘው፤ ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያማ ማኅበሩ በሙሉ ማሳው ላይ ሰፈረ፤ የማጭዱ ድምፅ መተሐራ ድረስ ተሰማ። እኔ ግራር ሥር ተጋድሜ ሳያቸው እንኳ ወገቤን ቆረጠኝ። ዝናቡ ሳይጥል ጤፉ ታጭዶ ተከመረ።

መሪው ክምሩ ሥር ቁጭ ብሎ «ጉዳችን ፈላ፣ አገረሸብን!» እያለ አለቀሰ። ኦቦ ቶላ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሱስ በአንዴ አይለቅም። ለውቂያውም ና፣ ቀስ በቀስ ትተወዋለህ» አሉት።