ለፍቅር ዘፈን ሃሌሉያ

እዚህ ዓረብ አገር፣ ከኸይጣን ሰፈር ወደ ፊንጣስ በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ ማስክ ያደረጉ ሁለት ሐበሾች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ትናንት ማዳም ልጆቹን ያዢልኝ ብላ ኮንሰርት ይዛኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ዘፋኝ በዘፋኝ ላይ!» አለች አንደኛዋ።

«አንቺ ጴንጤዋ?»

«ከበሮው ሲመታ እጄን አንስቼ ሃሌሉያ አልኩልሽ።»

«ለፍቅር ዘፈን! ዓረብኛ ትሰሚ የለ እንዴ?»

«ኮንሰርቱ ቢከፈትም የጸሎት ኅብረታችን በኮሮና እንደተዘጋ ነው፤ የምንዘምረው በስልክ ነው። እውነተኛ ከበሮ እየሰማሁ ቃሉን ማን ያዳምጣል?»

«ማዳም አልሳቀችብሽም?»

«ዘፋኙን የወደድኩት መስሏት እሷም እጇን አነሳች።»

«በይ ኅብረታችሁ ሲከፈት ይዘሻት ሂጂያ!»

«ሳቂ አንቺ። እኔ እኮ እያለቀስኩ ነበር።»

ከማስኬ ስር፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ አሜን አልኩ።