ቤት ለቤት የምትዞረው የሥጋ ቆርቆሮ

ናና ፔላጊያ፣ እማማ ፔላጊያ እንደማለት ነው፣ ከጎረቤታቸው ከኮንሶርሲያ ቤት ሲወጡ በሻርፕ የጠቀለሉትን ነገር ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘው ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ በኮኮነት ዛፎቹ መሃል ያለው መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጫማዋን በእጇ ያንጠለጠለች ሮዌና ድንገት ብቅ አለች። ሮዌና የማዶ መንደር ልጅ ናት። ከተማ ተምራ፣ አሁን መንግሥት የየቤተሰቡን ገቢና ወጪ እያስጠየቀ ስለሆነ ከደጅ ደጅ ትዞራለች።

«ናና፣ ወደ እርስዎ ቤት እየመጣሁ ነበር።»

«ነገ አልነበር እንዴ ያልሽኝ?»

«ወንዙ ሞልቶ ማዶ መሻገር አቃተኝ። ካልተመቸዎት ግን ነገ እመለሳለሁ።»

«እንግዳ መንገድ ላይ አግኝቶ አልተመቸኝም የሚል ማን ነው? ነይ እንሂድ።»

አፋቸው ይህን ይበል እንጂ ሻርፑን ይበልጥ ጠበቅ አድርገው ያዙት። በሳማር ደሴት ድህነት ነውር አይደለም፤ ማን ሀብታም አለና። ነውሩ ድህነትህን እንግዳ ሲያየው ነው።

ቤት እንደገቡ የዝንጅብል ሻይ አቀረቡ፤ ከሻርፑ ውስጥ ያወጧትንም የታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ፣ የላይዋን ሥዕል ወደ እንግዳዋ አዙረው፣ ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። «እንክፈታት?» አሉ። ጨዋ እንግዳ እሺ እንደማይል ያውቃሉ። ሮዌናም ጠግቤያለሁ አለችና ወደ ጥያቄዋ ገባች።

«ባለፈው ሳምንት እዚህ ቤት ምን ምን ተበላ?»

«ሩዝ፣ ዓሣ። ሥጋውም እንደምታዪው ነው።»

«ሩዝ እንዴት ነው የሚገዙት?»

«በጆንያ ነዋ።»

ሮዌና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ናና፣ አይቀየሙኝ። ይህች ቆርቆሮ ትናንት ኮንሶርሲያ ቤት ነበረች። ዛሬ ጠዋት ጎረቤትዎ ታታ ኢስኮ ቤት አገኘኋት። ጎኗ ላይ የተጨረመተው ይኸው።»

ናና ፔላጊያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። እፍረቱ ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ጦሜን አደርኩ ብዬ ገመናዬን ላዝራ? እናቴ የሚበላ ሲጠፋ ባዶ ድስት ጥዳ ውሃ ታፈላ ነበር፣ ጎረቤት ጭስ እንዲያይ ብላ። እኔ የእሷ ልጅ ነኝ።»

«የእኔም አያት እንደዚያው ነበረች፤ አልፈርድብዎትም። ለመሆኑ ሊጋያ እንዴት ናት?»

የልጅ ልጃቸው ስም ሲነሳ ድምፃቸው ወረደ። «ምን እንዴት ትሆናለች። ትምህርት ቤት ይሰጧቸው የነበረው የምሳ ሩዝ ከቀረ ወዲህ ጉልበቷ እየከዳት ነው የምትመጣው። ክፍለ ሀገሩ ጠግቧል ተባለ አሉ። ማን እንዲህ ብሎ እንዳወራብን እንጃ።»

«ያን ጊዜም ጠያቂ መጥቶብዎት ነበር አይደል?»

«መጥቷል።»

«ምን አሉት?»

ናና ፔላጊያ ቆርቆሮዋን አዩ፣ ከዚያ ወለሉን አዩ። «ዛሬ ያልኩሽን» አሉ በመጨረሻ።

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅባቸው። ገመናን መሸፈን መልካም ነው፤ ግን ልጅ በራብ ሲደክም መሸፈኛው ራሱ ገመና ይሆናል።

«ሁሉንም ቤት አንጠይቅም» አለች ሮዌና ለስለስ ብላ። «ወጥ ሲቀመስ ድስቱ በሙሉ አይጠጣም፤ በጭልፋ ጫፍ ነው። እርስዎ ያቺ ጭልፋ ነዎት። ሥጋ እንበላለን ሲሉ፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸው ብዙ ቤቶች ሥጋ እንደበሉ ይቆጠራል።»

«እውነቱን ብናገርስ የምንሸጠው ኮኮነት ዋጋ ሊጨምር ነው?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባል የለ? ስምዎን ደግሞ ለማንም አልናገርም።»

ናና ፔላጊያ ቆርቆሮዋን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ከጠረጴዛው ጥግ አደረሷት።

«ጻፊ እንግዲህ። ሥጋ የለም። ደረቅ ዓሣ አንድ ቀን። ሩዝ በጣሳ ነው የምንገዛው፤ በጣሳ ስለምንገዛም ከባለጆንያው ይበልጥ እንከፍላለን። ዘይት በላስቲክ ተቋጥራ፣ ሁለት ማንኪያ የማትሞላ። ወሩ ሲጋመስ ስኳር ድንች ነው።»

«ማታስ?»

«ማታ ሊጋያ ትበላለች። እኔ ጠግቤያለሁ እላታለሁ።»

ሮዌና አቀርቅራ ጻፈች፤ ዓይኗን ቶሎ ቀና ለማድረግ አልቻለችም። ናና ፔላጊያ ግን ለዓመታት የተሸከሙት ነገር ከትከሻቸው እንደወረደ ተሰማቸው። ያሰቡት ውርደት አልመጣም።

እንግዳዋን ሸኝተው ቆርቆሮዋን ይዘው በቀጥታ ወደ ኮንሶርሲያ ቤት ሄዱ። ኮንሶርሲያ ቆርቆሮዋን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። «ነገ የነማርሳል ተራ ነው፤ እዚያ ልውሰዳት።»

«የትም አትሄድም። ልጆቹን ጥሪና ክፈቻት።»

«እህቴ ከሆንግ ኮንግ የላከቻት እኮ ናት! እንግዳ ሲመጣ ምን ልናቀርብ ነው?»

«የምንበላውን» አሉ ናና ፔላጊያ።

የዚያን ዕለት የሁለቱ ቤት ልጆች ሩዛቸውን በሥጋ በሉ። ለሮዌናም በማግስቱ በየቤቱ የቀረበላት ስኳር ድንች ነበር፤ የተነገራትም እውነት ነበር። እውነት ድስት አይሞላም፤ የኮኮነቱም ዋጋ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሆኖም የማይታይ ራብ አይታዘንለትም፤ የታየው ግን ታዘነለት። ቆይቶም ቢሆን፣ ሁለት የትምህርት ዘመን አልፎ፣ የልጆቹ የምሳ ሩዝ ተመለሰ። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ማጀት ሩዙን ለድስቱ የሚሰፍሩት ናና ፔላጊያ ናቸው፤ መስፈሪያቸውም ያቺው ጎኗ የተጨረመተ ቆርቆሮ ናት።