ልጃቸውን ሊያስወጡ የሄዱ አባት

የታክሲ ወሬ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ማግስት ከቡራዩ ወደ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት አጠገባቸው ያለችውን ልጅ አናገሯት።

«ዩኒቨርሲቲ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ሦስተኛ ዓመት።»

«የእኔም ልጅ ተማሪ ነው። ከትምህርቱ ላስወጣው እየሄድኩ ነው።»

«ምነው?»

«ጓደኛው ከታሰረ ወዲህ አይተኛም። አሁን ደግሞ ግቢ ውስጥ ለብቻው የምታናግረው ሴትዮ አለች አሉ። በዚህ ጊዜ የሰውን ልጅ ለብቻው የሚጠይቅ ምን ፈልጎ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

«ሳይኮሎጂስት ትሆናለች። እኛም ግቢ አለች፤ እኔም እሄዳለሁ።»

«አንቺ? ደህና መስለሽኝ!»

«አሁን ደህና ነኝ። መጀመሪያ ጆሮ ጠቢ መስላኝ ዝም አልኳት።»

«እሷስ?»

«ከማን ጋር ነበርሽ አላለችኝም። ምሳ በልተሻል ወይ ስትለኝ አልቅሼ ወጣሁ። በሳምንቱ ራሴ ተመልሼ ሄድኩ።»

«ለቅሶማ እቤትም አለ።»

«እቤት ሳለቅስ እናቴም ታለቅሳለች። ከዚያ አባባይዋ እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ ሳቁ።

«እኔ ‹በርታ፣ ወንድ አይደለህ?› ብዬው ነው ስልክ የምዘጋው።»

«ተቆጥተው?»

«ፈርቼ። ታዲያ ካላስወጣሁት ምን ላድርግለት?»

«አብረውት ይዋሉ። ቀጠሮ ሲኖረው ይሸኙት።»

«ውጭ ቆሜ ብጠብቀው ያፍርብኝ ይሆን?»

«ትንሽ ያፍራል። ግን ይጠብቁት።»

ረዳቱ «አስኮ ወራጅ አለ?» ሲል ወራጁ እኔ ነበርኩ፣ ግን ወሬያቸውን ልስማ ብዬ ሳልወርድ ቀረሁ።