ባቡር ጣቢያውን ማን አወጣው?

የተከበራችሁ የሟቹ ቤተሰቦች፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከቅርብም ከሩቅም እግራችሁን አንሥታችሁ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ በኀዘናችን አብራችሁን ስለቆማችሁ እግዜር ይስጥልን። ትንሽ ታገሡኝ። እግራችሁ እንደደከመ አውቃለሁ። የኔም ደክሟል።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት፣ እሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ከምንቀመጠው አራት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሦስቱም እዚሁ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከባለቤቱ ጎን ቆማለች። ፋርማሲስቱ ያው መነጽሩን እየጠረገ ነው። አታሚው ከኋላ ነው። አሁን አሁን ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ይበልጥ የጠረጠርነውም ለዚህ ነው።

አዎ፣ ጠረጠርነው አልኩ። ዛሬ የምናገረው ስለ ጥርጣሬ ነው። ስለ ደግነቱ ብቻ ባወራ ሟቹ ከንቲባችን ራሱ አያምነኝም። ከንቲባው ማንን አምኖ ያውቃል? "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይል ነበር፣ መቁረጫውን ኪሱ ከትቶ፣ ኮላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ። የገዛ ጓደኞቹን ቤቱ አስቀምጦ!

ከንቲባ ያልነው እኛ ነን። ቢሮ ውስጥ የሚያውቁት የንድፍ ሠራተኛ እያሉ ነው። ቀን ቀን የሰው ቤት ይነድፋል። እሱ የነደፈው ሲሠራ ታዲያ ቤት አሠሪው መስኮት ይቀንሳል፣ ግንበኛው በር ያጠባል፣ አለቃው ጣሪያ ይቀይራል። ቤቱ ሲመለስ ግን የራሱ ከተማ አለችው። ከወረቀት። በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ግድግዳ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ኮላ ይቀባል፣ ያቆማል። ቤቱ ስንዝር፣ ሰዉ አውራ ጣት ያክላል። እኛ አራታችን ሁለት ዘበኛ፣ ሁለት ሽፍታ ሆነን፣ ዳይስ እየወረወርን በዚያች ከተማ መንገዶች እንሯሯጣለን። እሱ ዳኛ ነው።

"ትልልቅ ሰዎች በወረቀት ቤት ይጫወታሉ ወይ?" የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ እንጫወታለን። ፋርማሲስቱ ሲሸነፍማ እራት ሳይበላ ነው የሚተኛው።

አንድ ቀን ከፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተደወለልኝ። "ጓደኛዎ ነኝ የሚል ሰው ይዘናል" አሉኝ። ሄድኩ። ከንቲባው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መኮንኑ ፊት የተዘረገፈው ዕቃ ምን መሰላችሁ? መቁረጫ፣ ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ሦስት ቢላ፣ እና የአንድ ሀብታም ቤት በሮችና መስኮቶች፣ ከነልካቸው በእጅ የተሳሉ። እጅ ከፍንጅ!

"ይሄን ሁሉ ምን ሊያደርግበት ነው?" አለኝ መኮንኑ።

"ጨዋታ ነው" አልኩት።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

ከንቲባው ከተቀመጠበት ሆኖ፣ "ጌታዬ፣ የቤቱ ሰገነት ተጣሟል፤ ባለቤቱን ንገሩልኝ፣ ሰው እንዳይወጣበት" አለ። መኮንኑ ሳቀ። ሰውየው እንዲህ ነበር። እኛ ቤት ስናይ ቤት ነው የምናየው። እሱ ቤቱ የት ጋ እንደሚታጠፍ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

በዚያች ከተማ አንድ ሕግ ነበረን። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ከተማዋ ከዚህ ክፍል አትወጣም። ንድፉን ለኛ ይሰጠናል፣ እኛም ቤታችን ወስደን እንቆርጣለን፣ እንለጥፋለን፣ ቅዳሜ ይዘን እንመጣለን። ለሌላ ሰው ግን አንዲት ገጽ አትሰጥም። የኛ ናት። አምስታችንም እጅ ለእጅ ተጨባብጠናል።

ታዲያ አንድ ቀን በመጫወቻ ሱቅ በር ሳልፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? መስኮቱ ላይ የኛ የገበያ አዳራሽ ቆሟል! ጎኑ ላይ ንድፉ በፖስታ ታሽጎ ተደርድሯል። የሠሪው ስም የለም። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ከንቲባው ቤት ደረስኩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ "ከመካከላችን ሌባ አለ!" አልኩ። ሁሉም ሰሙ። ከንቲባው ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኔ ተናድዶ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ማን ነው ያወጣው? ልብስ ሰፊዋ አታሚውን አየች። ማሽን ያለው እሱ ነዋ! አታሚው ፋርማሲስቱን አየ። ፋርማሲስቱ እኔን አየኝ። ያን ቀን ዳይስ የወረወረ የለም።

ከዚያ ከንቲባው አዲስ ሕንፃ ነደፈ። ባቡር ጣቢያ። ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጥ፣ ሰዓት ያለው፣ ጣሪያው የሚነሣ። ንድፉን ሲያድለን አንድ ባንድ ወደ ማድ ቤት እየጠራ ነበር። እኔን በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ "ለያንዳንዳችሁ የተለያየ ምልክት አድርጌበታለሁ። ያንተ ላይ ከሰዓቱ ሥር ባለው መስኮት ድመት አለች። የሌሎቹ ሌላ ነው። ሱቁ ውስጥ ብቅ ሲል ሌባው ይታወቃል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።"

እኔም ኮራሁ። ብልሃት ነው! አሁን እንተያያለን አልኩ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ጣቢያው ስሕተት ነበረበት። ጣሪያው አልገጥም አለ። ኮላ የሚቀባባትን ትርፍ ጠርዝ እኛ ጆሮ እንላታለን። በአንድ በኩል ጆሮዋን ረስቷታል። ሁላችንም በየቤታችን ቁራጭ ወረቀት ቀጥለን እንደምንም አስቀመጥነው። ልብስ ሰፊዋ ስትወቅሰው "አርመዋለሁ" አላት።

ብዙም አልቆየ። ጣቢያው ሱቅ መስኮት ላይ ቆመ።

ገዛሁት። በር ዘግቼ ፖስታውን ቀደድኩት። ከሰዓቱ ሥር፣ መስኮቱ ላይ፣ ድመት። የኔ ድመት! ክው አልኩ። የወጣው ከኔ ቤት ነው ማለት ነው። ብናገር ማን ያምነኛል? ሌባ ብሎ የጮኸው እኔ፣ ምልክቱ የኔ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ዝም አልኩ። ግን ከኔ ቤት ማን አወጣው? እኛ ጋ የሚኖረውን የሚስቴን ወንድም በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ጀመርኩ። ንድፉን ፍራሽ ሥር ደበቅኩ። ሚስቴ አንድ ቀን ፍራሹን ስታነሣ ደረስኩባት።

"ምንድን ነው እንዲህ የምትደብቀው? ሴት ናት?" አለችኝ።

"ድመት ናት" አልኳት። እስካሁን አላመነችኝም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያችን ቅዳሜ አልነበረም። መጣን፣ ተቀመጥን፣ ተጫወትን። ግን ጎሪጥ እየተያየን። ሱቁ ውስጥ የተገኘው ምልክት የማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም! ይሄም አስጠረጠረኝ። ጣቢያውንም ጠረጴዛው ላይ ያቆመ የለም። የከተማዋ መሀል ባዶ መሬት ሆኖ ከረመ። ከንቲባው ይሄን ሁሉ ያያል። ዳይሱን ያነሣል፣ ያቀብለናል።

እንዲህ እንደሆንን ታመመ። እንዲህ እንደሆንን ሞተ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትናንት ጠዋት ለዚህ ቦታ ያዘጋጀሁት ንግግር ሌላ ነበር። "አንተን ያሳዘነህ ሰው እዚህ ቆሟል" ልል ነበር። ከቀብር በኋላም ከነዚህ ሰዎች ጋር ሁለተኛ አንድ ጠረጴዛ ላልቀመጥ ወስኜ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ክፍሉን ከፈተችልን። "ከተማው መሀሉ ባዶ እንደሆነ እንዲቀር አልፈልግም" አለች። "ጣቢያውን ከየቤታችሁ አምጡና አንዱን አቁሙለት።"

ማን ይነቃነቅ? አራታችንም ጫማችንን አየን።

"የኔ አይሆንም" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የኔም" አለ ፋርማሲስቱ።

"ለምን?" አለች ባለቤቱ።

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ሳበች። "ድመት አለችበት። ከኔ ላይ ነው የተሰረቀው። ይኸው ተናገርኩ! ስንት ጊዜ ሙሉ ተከራዬን ስጠረጥር ኖርኩ።"

"የምን ድመት?" አለ ፋርማሲስቱ። "ድመቷ የኔ ናት!"

"እንዴት ያንተ ትሆናለች? ድመት ያለው የኔ ላይ ነው!" አልኩ እኔ።

አታሚው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ነው፣ "እኔ እኮ ከዚያች ድመት ወዲህ ነው ከኋላ የምቀመጠው" ያለው።

አያችሁ? ለሁላችንም በጆሯችን ያንኑ ነገር ነበር የነገረን። አራት ንድፍ፣ አራት ድመት። እያንዳንዳችን ሱቁ ውስጥ የራሳችንን ድመት አየን፤ እያንዳንዳችን አፋችንን ዘጋን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም ነበርን።

ግን ጥያቄው አልተፈታም። ታዲያ ማን ነው ያወጣው? እንደገና መተያየት ጀመርን። አታሚው ከሱቅ የገዛው ፖስታ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እጇ ሥራ ካልያዘ ማሰብ አይሆንላትም፤ ተቀበለችውና መቁረጥ ጀመረች። ቆረጠች፣ አጠፈች፣ ለጠፈች። ጣሪያውን ስታስቀምጠው ቁጭ አለ። ጣቷን አነሣች። አልወደቀም።

ጆሮዋ አለች። በኛ ንድፍ ላይ የሌለችው ጆሮ እዚያ ላይ አለች።

አራታችንም ያን ፖስታ ገዝተናል። አራታችንም ድመቷን ፈልገን አግኝተናል። ቆርጦ የሠራው ግን አንድም አልነበረም። ብንሠራው ኖሮ በዚያው ሳምንት እናውቅ ነበር። አታሚው ማተም እንጂ መንደፍ አያውቅም። ፋርማሲስቱ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ የምትቆርጠው የተሣለላትን ነው። እኔ አምፖል አበራለሁ። ያን ጣሪያ ሊያርም የሚችል እጅ ያለው አንድ ሰው ነበር።

አራታችንም ወደ ባዶው ወንበር ዞርን።

ባለቤቱ ያኔ ምን አለች? ፍቀጂልኝ እቴ፣ ልናገረው። "ከቢሮ ሲመለስ ሁልጊዜ በዚያ ሱቅ በኩል ይዞር ነበር" አለች። "ምን ያዞርሃል ስለው መስኮት አያለሁ ይለኛል። እኔ እኮ የጠረጠርኩት ሌላ ነበር!" አለችና ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው።

ባለሱቁ፣ እዚያ ጋ መቆምህን አይቻለሁ። ሦስቴ መጥቼ ማን ሰጠህ ብዬ ጠይቄህ "አደራ አለብኝ" ብለኸኛል። ግድ የለም፣ አሁንም አትናገር። ዓይንህን ዝቅ ማድረግህ ይበቃኛል። ከጎንህ የቆሙት የማናውቃቸው ሰዎችም ማን እንደሆኑ አሁን ገብቶኛል። በየቤታችሁ የሱን ጣቢያ ያቆማችሁ ናችሁ። ጣሪያው የገጠመላችሁ።

ከንቲባ፣ አሁን ወዳንተ ልዙር።

ሌባው አንተ ነህ። የሰረቅኸውም የገዛ ቤትህን ነው። እንዲህ ዓይነት ሌባ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲሉ እኔ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ተናድጄብሃለሁ። ሰው ፊት እናገረዋለሁ፣ ተናድጄብሃለሁ። በድመትህ የአራታችንንም አፍ ዘግተህ፣ እኛን እርስ በርስ አስጠርጥረህ አንተ መሀል ተቀመጥክ። የሚስቴን ወንድም ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። እንዲያ ስንተያይ እያየህ እንዴት አስቻለህ?

ለምን አልነገርከንም? "ከተማዋን ሌላ ሰውም ቢያያት ደስ ይለኛል" ማለት ይሄን ያህል ከበደህ? ቢሮህ ውስጥ ሌሎች ሲቆራርጡብህ የኖርከውን መስኮት፣ በሰው ቤት ሙሉውን ቆሞ ማየት አማረህ። ይሄ ነውር ነው? ይሄን ለኛ መንገር ያሳፍራል?

ያልነገርከንን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ። ፈራኸን። እኔን ፈራኸኝ። ይሄ ሰውዬ ዳይሱን ወርውሮ፣ በሩን ደርግሞ ይወጣል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል፣ ብቻዬን እቀራለሁ ብለህ ጠረጠርክ።

ልክ ነህ። እወጣ ነበር። በሩንም እደረግመው ነበር። ስድብም አይቀርልህም ነበር።

ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ እመለስ ነበር፣ ወንድሜ። ሁላችንም እንመለስ ነበር። ይሄን እንዴት አላወቅክም? ሁሉን ስትጠረጥር ይሄን እንዴት አልጠረጠርክም? ካንተ ሌላ የት እንሄድ ነበር?

ደህና ሁን ከንቲባ። ቂም የለንም። በሰላም ዕረፍ።